«ለአንድ ጭብጥ ባጅራ»፦ ድል ያደረገ ሰው ብቻ የሚናገረው ቃል

ባለፈው ሰሞን በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ነጋዴ የቀረበለትን አነስተኛ ውል ሲንቅ፣ «ሕንዶች እንደሚሉት ለአንድ እፍኝ ባጅራ ብለን አንደክምም» ብሎ ሲናገር ሰማሁ፤ ታዳሚውም በጭብጨባ ተቀበለው። ባጅራ ማሽላ መሰል የደረቅ አገር እህል ነው። ይህን ቃል በልጅነቴ ከዚያው አገር ከመጡ ሰው አፍ የሰማሁት ስለሆነ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት ሲያልፍ ዝም ብሎ ማዳመጥ ከበደኝ። ቃሉ የንቀት ቃል አይደለም፤ «እፍኝ»ም አይልም።

ባለቤቱ ሸር ሻህ ሱሪ ነው ይባላል። ይህ አፍጋናዊ ንጉሥ ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረውን የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሁማዩንን እ.ኤ.አ. በ1539 ቻውሳ ላይ፣ በ1540 ደግሞ ካናውጅ ላይ ድል ነሥቶ ካባረረ በኋላ ፊቱን ወደ ማርዋር አዞረ። ማርዋር ዛሬ ራጃስታን በሚባለው ክፍለ ግዛት በስተምዕራብ የሚገኝ፣ ዝናብ የሚነፍገው አሸዋማ አገር ነው። ገዥው ራቶር የተባለው የራጅፑት (የጦረኛ መደብ) ነገድ ንጉሥ ራኦ ማልዴኦ ሲሆን፣ መናገሻው ጆድፑር ነበረች። ማልዴኦ በዐሥር ዓመት ገደማ ናጋውርን፣ አጅሜርን፣ ሜርታንና ቢካኔርን ጠቅልሎ በሰሜን ሕንድ እጅግ ከሚፈሩት ነገሥታት አንዱ ሆኖ ነበር። ግዛታቸውን የተነጠቁት የሜርታውና የቢካኔሩ መሳፍንት ግን ሸር ሻህ ዘንድ ሄደው አቤት አሉ።

ሁለቱ ጦሮች ጃይታራን ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ጊሪና ሱሜል በተባሉ መንደሮች አካባቢ አንድ ወር ያህል ተፋጠው ቆዩ። ሸር ሻህ በሰፈረበት ሁሉ ምሽግ የሚያስቆፍር ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ እዚያ ግን አሸዋው እየተናደ ስላስቸገረው ከረጢት በአሸዋ እያስሞላ ክምሩን ግንብ አደረገው። በጉልበት እንደማይሆንለት ባየ ጊዜም ወደ ዘዴ ዞረ፤ የማልዴኦ መኳንንት ለእርሱ የጻፉለት የሚመስል የሐሰት ደብዳቤ አስጽፎ ማልዴኦ እጅ እንዲገባ አደረገ። ማልዴኦም መኳንንቱን ጠርጥሮ አብዛኛውን ጦር ይዞ በሌሊት አፈገፈገ።

ጃይታና ኩምፓ የተባሉት ሁለቱ የጦር አበጋዞች ግን የከዳተኛ ስም ተሸክመው መመለስን እንቢ አሉ። የማርዋር ተራኪዎች እንደሚሉት፣ እስካሁን የለቀቅነውን አገር ንጉሡ ራሱ ያቀናው ነው፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ግን አባቶቻችን ያቀኑት ስለሆነ ጥለነው አንሄድም ብለዋል። ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ አስከትለው በጥር 1544 በብዙ እጥፍ በሚበልጣቸው ጦር መካከል ገቡ፤ ከፈረስ ወርደው በጦርና በሰይፍ እየተናነቁ የፊቱን ሰልፍ ሰበሩ። የሸር ሻህ ረዳት ጦር በሰዓቱ ባይደርስ ኖሮ የቀኑ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። ጃይታና ኩምፓ ከነተከታዮቻቸው ወደቁ፤ ሸር ሻህም ከድሉ በኋላ «ለአንድ ጭብጥ ባጅራ ብዬ የሂንዱስታንን ዙፋን ላጣ ነበር» አለ።

ባጅራን ያላየ ሰው የዚህን ቃል ክብደት ሊገምተው አይችልም። ባጅራ አገዳው ማሽላን የሚመስል፣ ራሱ ግን እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ የሚቆምና ፍሬው ጠቆር ያለ ግራጫ የሆነ እህል ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ የተሻገረውም ከእኛው አህጉር ከአፍሪካ ነው። የማርዋር ገበሬ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አሸዋውን እንዳራሰው ይዘራዋል፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቢቋረጥ እንኳ ስንዴ በማይቆምበት መሬት ላይ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ይታገሣል። አገዳው ለከብትና ለግመል መኖ ይሆናል፤ ዱቄቱ ከአሬራ ጋር ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም ወፍራም ቂጣ ተጋግሮ በቅቤ ይበላል።

በእኛ አገር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ከነበሩት ሕንዳውያን መምህራን አንዱ፣ የጂኦግራፊ መምህራችን፣ የጆድፑር አካባቢ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጎጃም ውስጥ አያቴ ዳጉሳ ስታስወቃ አውድማችን ድረስ መጡና፣ ከክምሩ ዘግነው እጃቸውን ግጥም አድርገው ጨበጡ። «ባጅራ ከዚህ ይተልቃል፤ ጭብጡ ግን ይኸው ነው» አሉና የሸር ሻህን ታሪክ ነገሩኝ። ሲጨርሱ ከጣቶቻቸው መካከል ሾልኮ የወደቀውን ፍሬ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። አያቴ አፍራ «ይተዉት መምህር፣ ለወፍ ይሁን» ብትላቸው ፈገግ አሉ፤ በእርሳቸውም አገር ጠዋት ጠዋት ለወፍ እህል መበተን የቆየ ልማድ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እፍኝ» የሚለውን ትርጉም አልወደውም። እፍኝ የተዘረጋ መዳፍ ነው፣ ይሰጥበታል፤ ጭብጥ ግን የተዘጋ እጅ ነው፣ ይያዝበታል። በሕንድኛም የጭብጥና የሰይፍ እጀታ መጠሪያዎች አንድ ሥር አላቸው። ስለዚህ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር እህል የዘገነው እጅና ሰይፍ የያዘው እጅ አንድ ሆነው ይታዩኛል፤ የጃይታና የኩምፓ ሰዎችም ያንኑ ባጅራ በልተው ያደጉ ናቸው።

የራሴን ግምት ልጨምር። ሸር ሻህ ከመንገሡ በፊት በቢሃር የአባቱን የሳሳራም ግዛት ያስተዳደረ፣ ከነገሠም በኋላ መሬት አስለክቶ ከምርቱ ሲሶውን ለመንግሥት የወሰነ ሰው ነበር። መሬት ሲያይ የሚያየው ግብሩን ነበር ብዬ አስባለሁ። በመሆኑም «አንድ ጭብጥ ባጅራ» የወታደር ፉከራ ሳይሆን የግብር ሰብሳቢ ሒሳብ ይመስለኛል፦ ይህ አሸዋ የሚያስገባልኝ ይህን ያህል ነው፣ ያስያዝኩት ግን ሂንዱስታንን ሙሉ ነበር ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚነገረው ሰው ከተደናገጠ በኋላ ነው። ሸር ሻህ ራሱ በግንቦት 1545 ካሊንጃር የተባለውን ምሽግ ከቦ ሳለ በባሩድ ፍንዳታ ሞተ፤ ማልዴኦም ከጦርነቱ በኋላ የተነጠቃትን ጆድፑርን ብዙም ሳይቆይ መልሶ ያዘ።

እንግዲህ ቃሉ የሚያምረው ድል ባደረገና በደነገጠ ሰው አፍ ነው። ሳይሞክር የተወ ሰው ሲናገረው ጠላትን ማክበሩ ቀርቶ ድሀውን እህልና ድሀውን አገር መስደቢያ ብቻ ይሆናል፤ ያ ነው ያሳዘነኝ። ከስብሰባው በኋላ ነጋዴውን ጠጋ ብዬ ይህንኑ አጫወትኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ታዲያ ጋሼ፣ መቼ ነው የሚባለው?» አለኝ። አንድ ቀን ከአንተ በጣም የሚያንስ ድርጅት በጨረታ ሊጥልህ ደርሶ ለጥቂት ስታሸንፈው፣ የዚያን ጊዜ ባለቤቱን እጁን ጨብጠህ ለእርሱ ንገረው አልኩት።