ጭስ የጠገበ ጋን፦ የወሎ ጠላና አቀማመሱ

ጠላ ከጓዳ የሚወጣ ቢራ ነው። በወሎ እህሉ እንደ አገሩ ይለያያል። ደላንታና ዋድላ ደጋ ናቸው፤ ገብስ ነው የሚበዛው። ወደ ቆቦ ሲወርዱ ማሽላ ይመጣል። ብቅልና ጌሾ ግን የትም አይቀሩም። ጠማቂዎቹ ሴቶች ናቸው፤ መስፈሪያቸውም እጃቸው ነው።

ሥራው የሚጀምረው በጋኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል። ከዚያ አፉ በሚጤስ የወይራ እንጨት ላይ ይደፋና ይታጠናል። ሸክላው ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ጭሱን ይጠጣል። ጭሱ ጠላውን የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ያዳክማል፤ ጣዕሙንም ይሰጣል። ያልታጠነ ጋን ውስጥ የተጠመቀ ጠላ፣ ለእኔ፣ ቡና ያለ ዕጣን ነው። ይጠጣል፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል።

ቀጥሎ ጥንስሱ ነው፦ የተወቀጠ ጌሾና ውሃ። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ብቅልና ቂጣ ይጨመርበታል። ከዚያ አሻሮው ይገባል። አሻሮ ተቆልቶ የተፈጨ እህል ነው፤ ቆላው ሲጠና ጠላው ይጠቁራል። ድፍድፉ ሲብላላ ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይመረጋል። ጠንካራ ጠላ የፈለገች ውሃውን ትቆጥባለች። ምስጢሩ ይኸው ነው። ተራው ጠላ የአልኮል መጠኑ ከ2 እስከ 4 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ በደንብ የተጠለለው 5 እና 6 በመቶ ይደርሳል። በተረፈው ድፍድፍ ላይ እንደገና ውሃ ሲጨመር ደግሞ ቅራሪ ይገኛል፤ እሱ ለጥም ነው።

ፈረንጆቹ ዛሬ የሚኮሩበት በበርሜል የከረመ ቢራ ከዚህ ሐሳብ ብዙም አይርቅም። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን ውስኪ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ ዕቃ እንዲቀመጥ ያዛል። ስለዚህ ያገለገለ በርሜል ይተርፋል፤ ቢራ ጠማቂዎች ይገዙታል። ከ10 በመቶ የሚያልፍ ጥቁር ቢራ ወራት ይከርምበታል። እንጨቱ የቫኒላና የውስኪ ጣዕም ይለቅበታል። የእኛው ጠላ ግን ያን ያህል ትዕግሥት የለውም። ተመርጎ ሲቆይ ይጠነክራል፤ አፉ ከተከፈተ በኋላ ግን ወደ ኮምጣጤ ለመሄድ ቀናት ይበቁታል።

አሁን ወደ ቅምሻው። አሳላፊዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መርዝ የለውም ለማለት ነው ይባላል። ከዚያ ጣሳው ጢም ብሎ ይመጣል። አትቸኩል፤ መጀመሪያ አሽትተው። የወይራው ጭስ ይቀድማል። ሲጎነጩት የአሻሮው ቃና አለ፤ የቆሎ ዓይነት። የጌሾው ምሬት ወደ ምላስ ሥር ይዘገያል። ኮምጣጣነቱ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት። እሱ ከቀደመ ጋኑ ከተከፈተ ሰንብቷል ማለት ነው። ጉሽ (ያልተጠለለው) እና ጥሉል ላይ ሰው ይከራከራል። እኔ ጉሹን ነው የምወደው፤ ወፈር ይላል፣ ሆድም ይይዛል። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ «ለስላሳ ነው» የተባልኩትን ሁለት ጣሳ ጠጥቼ ልነሳ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ጭሱ ብርታቱን ይደብቃል፣ ጉድ የሚሠራው እሱ ነው።

ወሎ ላይ ስለ ጠላ እየተወራ ቀሪቦ አይቀርም። ጠቆር አድርጎ የተቆላ ገብስ ተፈልቶ ይጠለላል። ስኳርና እርሾ ይገባበትና ያድራል። ጌሾ የለበትም። መልኩ ጠላ ይመስላል፤ ጣፋጭ ነው። አስካሪ የማይጠጣው ሙስሊም ጎረቤት ሲጠራ የሚቀርበው እሱ ነው። ሠርግ ላይ ሁለቱ መጠጦች በአንድ ግቢ ይሰናዳሉ፤ ማሰሮው ብቻ እንዳይምታታ ይጠበቃል።

ኮምቦልቻ ትልቅ የቢራ ፋብሪካ አላት፤ ከተሜው ጠርሙስ ይዞ ነው የሚጫወተው። ጠላ ቤቱ ግን አልጠፋም። ምልክቱ በር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው። የተቸገረው ጋኑ ነው። ሸክላ ይሰበራል፣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙዎች በፕላስቲክ በርሜል ይጠምቃሉ። ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም፤ ይቀልጣል። ወይራውን በሌላ ዕቃ አጭሰው ሊያካክሱት የሚሞክሩ አሉ፤ የጠጪ አፍንጫ ግን ወዲያው ያውቀዋል።