ቦይለር ስትቀይሩ ሊትሩንና ዋቱን አታምታቱ

«ዋቱ ከፍ ያለ ቦይለር ቆጣሪ ይበላል» የሚለው ስለተደጋገመ ላስረዳ። ሊትር የሚይዘው ውሃ ነው፤ ዋት የሚያሞቅበት ፍጥነት። ደብረ ማርቆስ ላይ ከቧንቧ በ15 ዲግሪ የገባ 50 ሊትር ውሃ 60 እስኪደርስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በ1500 ዋት አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፣ በ3000 ዋት ግማሹን ጊዜ ይፈጃል፤ ቆጣሪው ላይ የሚያርፈው ግን ያው ነው። ሂሳብ የሚያንረው ለሁለት ሰው 80 ሊትር ገዝቶ ቀን ከሌት ሰክቶ መተው ነው (እንግዳ ይመጣል ብሎ ትልቅ መግዛት አመላችን ነውና)። 3000 ዋት ግን ወደ 14 አምፔር ስለሚስብ በቀጭን ሽቦ አይሞከርም፤ መጀመሪያ መስመሩን ኤሌክትሪሺያን ይየው። ስንት ሊትር ይበቃል የሚለው እንደ ቤተሰቡ ይለያያል። ባሕር ዳር ያላችሁ ውሃችሁ ለዘብ ስለሚል ቶሎ ይሞቅላችኋል።