ቬሊኪ ኖቭጎሮድ፦ ለመጀመሪያ ቀን ጎብኚ አጠቃላይ ዳሰሳ

ቬሊኪ ኖቭጎሮድ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ በቮልኮቭ ወንዝ ግራና ቀኝ የተመሠረተች ከተማ ናት። ከሴንት ፒተርስበርግ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። «ኖቭጎሮድ» ማለት «አዲስ ከተማ» ነው። ከሩሲያ አንጋፋ ከተሞች አንዷ ይህን ስም መያዟ ፈገግ ያሰኛል። «ቬሊኪ» ማለትም «ታላቋ» የሚለው በይፋ የተጨመረው በ1999 ነው። ቲኬት ሲቆረጥ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ የምትባለው ከሞስኮ በስተምሥራቅ ያለች ሌላ ከተማ ናት። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ያጠናቀርኩት ብቻዬን በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን በሙዚየም ካነበብኩትና በኋላ ካገላበጥኳቸው መጻሕፍት ነው። ስለዚህ ሙዚየሙ የወደደውን እኔም ሳላበዛው አልቀርም።

የጥንቱ የሩሲያ ዜና መዋዕል ከተማዋን በ859 ያነሳታል። በ862 ደግሞ ሩሪክ የሚባል መስፍን ከባሕር ማዶ መጥቶ ገዛ ይላል። ሩሪክ ማን ነበር፣ በእርግጥስ ነበር ወይ የሚለው ክርክር አላለቀም። አሁን ከተማው ባለበት ቦታ የተቆፈረው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያለ ነው። ከዚያ የሚቀድመው የተገኘው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በደቡብ በኩል ባለ ጉብታ ላይ ነው።

ጉብኝት የሚጀመረው ከክሬምሊን፣ ማለትም ከከተማዋ ጥንታዊ ምሽግ ነው። ከባቡር ጣቢያው በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የነዋሪው ስሙ ዴቲኔትስ ነው። ቀዩ የሸክላ ግንብ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ ሲሆን ዘጠኝ ማማዎቹ እስካሁን ቆመዋል። ግቢው ለመግባት አያስከፍልም።

ውስጡ ያለው የቅድስት ሶፊያ ካቴድራል ከ1045 እስከ 1050 ተሠራ። ግድግዳው ወፍራምና ነጭ ነው። መካከለኛው ጉልላት ወርቃማ ሆኖ መስቀሉ ላይ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራች ርግብ ተቀምጣለች። የሩሲያው ዛር ኢቫን አስፈሪው በ1570 ሕዝቡን ሲያስጨፈጭፍ ርግቧ ለማረፍ ወርዳ፣ ያየችው አስደንግጧት ድንጋይ ሆና ቀረች ይላል አፈ ታሪኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጎን የተሰለፉ የስፔን ወታደሮች መስቀሉን ወሰዱት። በ2004 ተመለሰ። ዋናው አሁን ካቴድራሉ ውስጥ ነው፤ ላይ የሚታየው ቅጂው ነው።

ፊት ለፊት የሩሲያ አንድ ሺህኛ ዓመት ሐውልት አለ። በ1862 የተተከለ ሲሆን ቅርጹ ደወል ይመስላል። ከ120 በላይ ሰዎች ተቀርጸውበታል፤ ኢቫን አስፈሪው ግን የለም። ከደራሲዎቹ መካከል ፑሽኪንን ፈልጌ አገኘሁት። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከሐበሻ ምድር የሄደ ነው። ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን አጠገቡ ቀና ብዬ ፎቶ ተነሣሁ።

ከዚያ ሙዚየሙ። እዚህ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ ኖቭጎሮድን ኖቭጎሮድ ያደረጋት በርች በሚባል ዛፍ ቅርፊት ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነውና። የከተማዋ አፈር ጭቃማ ነው። አየር ስለማይገባው እንጨትም ቆዳም አይበሰብስበትም። በቬሊካያ ጎዳና 28 የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው ተገኝተዋል። የታችኛው በ953፣ የላይኛው በ1462 የተነጠፈ ነው። አንዱ ሲሰምጥ ሌላውን ከላዩ እያነጠፉ አምስት መቶ ዓመት ኖሩ።

ሐምሌ 26 ቀን 1951 በአርኬዎሎጂስቱ አርቴሚ አርጺሆቭስኪ ቁፋሮ የምትሠራ ኒና አኩሎቫ አንድ የተጠቀለለ ቅርፊት አነሣች። ፊደል ነበረበት። ከመንደሮች የሚሰበሰብ ግብር ዝርዝር ነው። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ከ1,100 በላይ ተገኝተዋል። ለእኛ የድሮ ጽሑፍ ሲባል ብራናና ቀለም ነው የሚታወሰን። እነዚህ ቀለም የላቸውም። ወስፌ በመሰለ የብረት ወይም የአጥንት መጫሪያ ቅርፊቱን ይጭሩታል። የሚጽፈውም ካህን ብቻ አይደለም። ሚኪታ የሚባል ሰው ኡሊያናን «አግቢኝ፤ እኔም እፈልግሻለሁ፣ አንቺም ትፈልጊኛለሽ» ይላታል፤ ምስክርም ጠርቷል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንዲት ሴት ደግሞ ሦስቴ ልካበት ያልመጣውን ሰው ምን ቂም ይዘህብኝ ነው ብላ ትወቅሰዋለች።

ሁሉም ጎብኚ የሚወደው ግን ኦንፊምን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ፊደል መቁጠር ይለማመድና ሲሰለቸው ሥዕል ይሥላል። ፈረስ ላይ ሆኖ ጠላቱን በጦር የሚወጋው ራሱ ነው። የሚሥላቸው ሰዎች ጣት ቁጥሩ አይገጥምም፤ አንዱ ሦስት፣ ሌላው አምስት።

ከዚህ አብዛኛው ኖቭጎሮድ ሪፐብሊክ ከነበረችበት ዘመን የተረፈ ቅርስ ነው። በ1136 ሕዝቡ መስፍኑን ቭሴቮሎድን አባረረ። ከዚያ በኋላ መስፍን የሚመጣው በስምምነት ነበር። ቬቼ የሚባለው ጉባኤ በደወል ይጠራል፣ ይሾማል፣ ይሽራል። ዋናው ቃል የባለጠጎቹ ነበር የሚሉ አሉ። መስፍኑን አሌክሳንደር ኔቭስኪን ራሱን በ1240 ስዊድኖችን ካሸነፈ በኋላ አባረውት፣ ችግር ሲመጣ ለምነው መልሰውታል። በ1478 ሞስኮ ዋጠቻት፤ የሞስኮው መስፍን ኢቫን 3ኛ የቬቼውን ደወል ጭኖ ሄደ። የ1570ው እልቂት ሟቾች ቁጥር ከ2,000 እስከ 15,000 ይገመታል። ከ1611 እስከ 1617 ስዊድኖች ያዟት። ሴንት ፒተርስበርግ ስትቆረቆር ንግዱም ሄደ።

በእግረኛ ድልድዩ ወንዙን ሲሻገሩ የንግድ ወገን የሚባለው የከተማዋ ክፍል ይደረሳል። የቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል የተጀመረው በ1113 ነው። ሃንሳ የሚባለው የጀርመን ከተሞች የንግድ ማኅበር ነጋዴዎች ግቢም እዚሁ አካባቢ ነበር፤ ፀጉራም የእንስሳት ቆዳና ሰም ይገዙ ነበር። ትንሽ እልፍ ሲባል በኢሊን ጎዳና የደብረ ታቦር (የጌታ መልክ የተለወጠበት በዓል) ቤተ ክርስቲያን አለ። ሠዓሊው ግሪካዊው ቴዎፋን በ1378 የሣለው ሥዕል ግድግዳው ላይ አለ። የጣሪያው ክርስቶስ አስተያየቱ ይከብዳል፤ ቶሎ ቀና ብሎ ማየት አይቻልም።

ከተማዋ ከነሐሴ 1941 እስከ ጥር 1944 በጀርመኖች ተይዛ ነበር። ከ2,500 በላይ ከነበሩት መኖሪያ ቤቶች የተረፉት 40 ያህል ናቸው። ስለዚህ ከጥንቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ እንደገና የተጠገኑ ናቸው። በ1992 በዩኔስኮ ተመዘገቡ።

የዩሪየቭ ገዳምና የእንጨት ቤቶች ሙዚየሙ ቪቶስላቭሊጺ ከመሃል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። አውቶቡስ አለ፣ ግን ለሁለተኛው ቀን ይቆዩ። እኔ እንደደረስኩ ምሽት ላይ ልሂድ ብዬ በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ።