«ጀምርልኝ፣ ውሉ ይደርሳል»

ጥብቅና ቢሮዬ የሚመጡ ባለሙያዎች ታሪካቸው ይመሳሰላል። «ጀምርልኝ፣ ውሉ ይደርሳል» ተባሉ፤ ጀመሩ፤ ክፍያው ቀረ። ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። የሚሳሳቱት ሁሌም በተመሳሳይ ነገር ነውና።

«የቃል ውልም ውል ነው።» ይህ ግማሽ እውነት ብዙ ሰው ጎድቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ ይሁን ካላለ በቀር የቃል ስምምነትን ይቀበላል። አንቀጽ 1726ን ግን የሚያስታውስ የለም። ተዋዋዮቹ «በጽሑፍ እንፈራረማለን» ብለው ከተስማሙ፣ ያ እስኪሆን ድረስ ውሉ እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም። እስቲ አስቡት፦ «ውሉ ይደርሳል» የሚለው ቃል ራሱ ለከፋዩ መከላከያ ይሆነዋል።

አንድ ደንበኛዬ የኪችን ካቢኔት ይሠራል። እንጨቱን በራሱ ብር ገዝቶ፣ ግማሹን ገጥሞ ነበር። የቤቱ ባለቤት «የውሉን ረቂቅ ገና እያየሁት ነው፣ በዚህ ዋጋ አልተስማማንም» አለ። የቀረን የዚያው ሕግ አንቀጽ 2162 ነበር፤ ያለ አግባብ መበልጸግ፣ ማለትም ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሥራ ወይም ንብረት መጠቀም። እሱ ደግሞ የሚያስከፍለው ሰውዬው የተጠቀመውን ያህል እንጂ ሠሪው የጠየቀውን ዋጋ አይደለም። ትርፉ ቀርቶ ለእንጨቱ ሒሳብ ስንከራከር ከረምን።

የግድ መጀመር ካለባችሁ በቴሌግራም ይሁን በኢሜይል አስቀድማችሁ ጻፉ። የሚሠራው ይህ ነው፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ዋናው ውል ባይፈረምም በዚህ ይከፈለኛል በሉ። «እሺ» የሚል መልስ ሳይመጣ ዕቃ አትግዙ። ሥራ ሲጨመርም እንደገና ጻፉ፤ ጭቅጭቁ በብዛት የሚነሳው ከጭማሪው ነው።

«ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ምን እሆናለሁ?» ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ምን ያህል ሥራ፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። ደግሞም ተቀባዩ ሥራውን ልተው ቢል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ እጥፉን ይመልሳል።

«የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ብሩ የትም አይሄድም።» የመንግሥት ውል በጽሑፍ መሆኑ ግዴታ ነው። የኃላፊው የስልክ ትእዛዝ ውል አይሆንም።

«ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ ስላልፈረምኩ መብት የለኝም።» እዚህ ላይ ሕጉ ከሠራተኛው ጋር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም መብታችሁ አይቀርም። የሙከራ ጊዜ ደግሞ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ምንም ሳያስፈርም «ገና ሙከራ ላይ ነህ» ብሎ የሚያሰናብት አሠሪ የሕግ ድጋፍ የለውም።