«ንረቱ ቀነሰ» ካሉ ጤፉ ለምን አይረክስም? ስለ ብሔራዊ ባንክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይዘን ነው። ሬዲዮው «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲል ከፊቴ ጆንያቸው ላይ የተቀመጡ እናት ቀና ብለው «የት አገር ነው ደግሞ ይኼ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። አንዱ ጎረቤቴ ኢኮኖሚክስ እንደማስተምር ስለሚያውቅ «መምህር፣ እስቲ ንገራቸው እንጂ» አለኝ። ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ ሳልደርስ ተራዬ ደረሰና እህሌን ልሰፍር ገባሁ። ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

«የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት ነው»

አይደለም። ሰውን ከሁሉ አብልጦ የሚያናድደው ይኼ ነው፤ ጥፋቱም የሰሚው ሳይሆን የነጋሪው ይመስለኛል። ንረት የሚለካው ዋጋው የወጣበትን ከፍታ ሳይሆን የሚወጣበትን ፍጥነት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነበር እንበል። በዓመቱ 30 በመቶ ጨምሮ 13,000 ገባ። በሚቀጥለው ዓመት የጨመረው 10 በመቶ ብቻ ነው፤ 14,300 ሆነ። ሬዲዮው «ንረቱ ከ30 ወደ 10 ወረደ» ቢል እውነቱን ነው። እማማም «ጤፍ ተወደደ» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ግንቦት 2014 ላይ የአገሪቱ ዓመታዊ ንረት 37 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ረገብ ብሏል፤ ያን ጊዜ የተወጣውን ዳገት ግን ማንም አልወረደውም።

ሌላም መደናገሪያ አለ። ከአጨዳ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር፣ አውድማው ሲሞላ ጤፍ ይረክሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ይወደዳል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ የዘንድሮን ነሐሴ ከአምናው ነሐሴ ጋር የሚያስተያዩት። እኛ ደግሞ የምናስተያየው ካለፈው ገበያ ጋር ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

«15 በመቶው እኛ የምንበደርበት ወለድ ነው»

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ለመምራት ወስኖ መነሻውን 15 በመቶ አደረገ። ይኼ ተመን ብሔራዊ ባንኩ ከንግድ ባንኮች ጋር የሚገበያይበት ነው። ከዚያ ወደ ባንኮቹ እርስ በርስ ብድር፣ ከዚያ ነጋዴው ወደሚበደርበት ወለድ፣ ከዚያ ወደ ገበያው ይወርዳል ተብሎ ይጠበቃል። እዚህ ጎጃም፣ ቢቸና እስኪደርስ ግን ብዙ ወንዝ መሻገር አለበት። ገበሬው ግብዓት የሚወስደው በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነው፤ ሲብስበት አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። እቁብ ደግሞ ወለድ የሚባል ነገር አያውቅም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን የገንዘብ ፖሊሲ ውጤቱ ዘግይቶ፣ ያውም ወጥ ባልሆነ ጊዜ ይመጣል ያለው ለአሜሪካ ነበር፤ ገንዘቡ ከባንክ ውጭ በሚዞርበት አገር መዘግየቱ ቢብስ አይገርምም።

የእህል ነጋዴ የሆነው አጎቴን የነካው ወለዱ አልነበረም። ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ተበጀለት፤ በኋላ ወደ 18 ከፍ ብሏል። አጎቴ መያዣውን አሟልቶ፣ ፋይሉን ታቅፎ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ያገኘው መልስ «ጣሪያው ሞልቷል» የሚል ነው። ወለዱ ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ዕድል አላገኘም።

«ለዋጋው ሁሉ ተጠያቂው ብሔራዊ ባንክ ነው»

ወለድ ስለጨመረ የተዘጋ መንገድ አይከፈትም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መኪና መንቀሳቀስ ያቃተበት ጊዜ ብዙ ነው። ጤፍ የጫነ መኪና ዓባይን መሻገር ሲያቅተው እህሉ እዚህ ገበሬው እጅ ላይ ይረክሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይወደዳል። አንድ እህል፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ተቃራኒ ዋጋ! ይኼን የሚያስተካክል የወለድ ተመን የለም።

ባንኩ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ለዓመታት የመንግሥትን የበጀት ጉድለት በቀጥታ ብድር ሲሸፍን ኖሯል፤ በ2016 በጀት ዓመት ይኼ ብድር ካለፈው ዓመት ሲሶ እንዳይበልጥ የተወሰነውም መዘዙ ስለታወቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው 100 አለፈ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ማካፈል ከፈለግን ባንኩም ድርሻ አለው፤ ሙሉውን ግን አይወስድም።

«ኢኮኖሚው አገገመ ካሉ ሥራ ተገኘ ማለት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤቴን የነካ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) ትልቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ያበቃው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 ነው። ሥራ አጥነቱ ጣሪያ የነካው ግን ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 2009፣ 10 በመቶ ሲደርስ ነው። ምርት ማደግ ጀምሯል፣ ሰው ግን ገና ከሥራ እየወጣ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ቀጣሪ ገበያው ሲነቃ መጀመሪያ ያሉትን ሠራተኞች ሰዓት ይጨምርባቸዋል፤ አዲስ የሚቀጥረው እርግጠኛ ሲሆን ነው።

ቁጥሩ ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመደበኛው አቆጣጠር ሥራ አጥ ማለት ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ፣ ሥራም የሚፈልግ ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ካቆመ ከቁጥሩ ይወጣል፤ ሥራ አጥነቱም «ቀነሰ» ይባላል።

የአክስቴ ልጅ በሲቪል ምህንድስና ተመርቋል። ማርቆስ ላይ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ሲዞር ጫማው አለቀ። አሁን ጎዛምን ገብቶ የአባቱን በሬዎች ይጠምዳል፤ ጤፉም ገበያ ይወጣል። ቆጣሪ መጥቶ «ባለፈው ሳምንት ለገቢ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተሃል?» ቢለው መልሱ «አዎ» ነው። ሥራ ያለው ተብሎ ይጻፋል። ያው መሬት ያለ እሱም ይታረስ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ባለ አገር የሥራ አጥነት ቁጥር ዝቅ ማለቱ ብቻውን አያስደስተኝም፤ ስንት ሰዓት፣ በምን ገቢ፣ በተማረበት ሙያ ወይስ በሌላ የሚለውን አብሬ ማየት እፈልጋለሁ።

«ብሔራዊ ባንክ ሥራ መፍጠር አለበት»

የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዋጋ ማረጋጋትና ከፍተኛ የሥራ ስምሪት በሕግ ተጥለውበታል። የእኛው ዋና ግቡ የዋጋ መረጋጋት ነው። ከአሜሪካ የተጻፈ ነገር አንብቦ እሱኑ ለእኛ መጫን ለዚህ ነው የሚያሳስተው።

«ታዲያ ብር አትሞ ለወጣቱ ቢያከፋፍልስ?»

ወፍጮ ቤቱ ይመልሰው። የተሰለፈው ጤፍ ያው አሥር ኩንታል ነው። ለሁላችንም እጥፍ ብር ቢታደለን አሥራ አንደኛው ኩንታል ከየት ይመጣል?

«የባንኩ ተመራማሪዎች እንዲህ ካሉ ባንኩ እንዲያ ሊያደርግ ነው»

የማዕከላዊ ባንክ የጥናት ወረቀቶች መጀመሪያ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ ሐሳቡ የጸሐፊዎቹ ነው፣ የባንኩ አቋም አይደለም። ተመራማሪ ይከራከራል፣ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፤ ውሳኔው የኮሚቴ ነው። ዜና የሚሠሩት ብዙዎቹ ያቺን ዐረፍተ ነገር ዘለው ነው የሚጀምሩት።