ብጣሽ ጨርቅም ድርና ማግ አለው፦ ስለ ድሮ ዘመን የውስጥ ልብስ ስፌት የሚወራውና እውነታው

በሰያፍ የተቆረጠ የውስጥ ቀሚስ፣ ጎኑ ላይ በቁልፍ የሚዘጋ ሰፊ ሙታንቲ፣ ስስ ማንገቻ ያለው ባለ ዳንቴል ቦዲ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ይለበሱ የነበሩት እነዚህ ልብሶች ከተረፈ ገበር፣ ከሚዜ ልብስ ሳቲንና ከአንድ ክንድ ዳንቴል ቤት ውስጥ ይሰፋሉ። ጨርቁ አይጠፋም፤ የሚያበላሸው ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ምክር ነው። ከሁሉም የሚያስመርረው ደግሞ ይኼ ነው፦

"ብጣሽ ነው እኮ፣ ልኩ በገባበት በኩል ቁረጪው።"

በጭራሽ። (ልክ ስል ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ቅድ ማለቴ ነው።) ብጣሹ መዳፍ ቢያክልም ድርና ማጉ አብሮት አለ። በድሩ በኩል ሲስቡት እምብዛም አይለጠጥም፣ በማጉ በኩል ትንሽ ይሰጣል፣ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሲስቡት ግን እንደ ሹራብ ይለጠጣል። የዚያ ዘመን የውስጥ ቀሚስ ያለ ዚፕና ያለ ላስቲክ በራስ ገብቶ ገላ ላይ የሚያርፈው በዚሁ ነው። ልኩ በ30 ወይም በ60 ዲግሪ ከተቆረጠ ከሁለቱ ክሮች አንደኛው ክብደቱን ይበልጥ ይሸከማል፣ ልብሱም ይዞራል። ጥቂት እንደተለበሰ የጎን ስፌቱ ሆድ ላይ ይመጣል፣ ታችኛው ጫፍ በአንድ ወገን ይንጠለጠላል። ካውያ አያቀናውም። ፈትቶ እንደገና መስፋትም አያቀናውም፤ ጥፋቱ የመቀሱ ነው።

የፋብሪካው ጠርዝ ብጣሹ ላይ ባይቀርም ድሩን መፈለግ ቀላል ነው። ከጫፉ አንድ ክር በመርፌ ነጥላችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ ክሩ ሲወጣ ትቶት የሚሄደው መስመር የክሩ አቅጣጫ ነውና በዚያ ላይ ቁረጡ። በሌላው ጎንም ድገሙት። ከሁለቱ ያነሰ የሚለጠጠው አብዛኛውን ጊዜ ድሩ ነው። ከዚያ የድሩን ጠርዝ በማጉ ጠርዝ ላይ ገጥማችሁ እጠፉት፤ እጥፋቱ ትክክለኛው ሰያፍ ነው። በጠመኔ አስምሩትና የልኩን መሃል መስመር እዚያ ላይ አስቀምጡ።

ብጣሹ መብቃት አለመብቃቱንም በዓይን አትገምቱ። የልኩን ርዝመትና ስፋት ደምሩና በ0.7 አባዙ። የሚመጣው ቁጥር የሚያስፈልገው አራት ማዕዘን ጨርቅ የአንድ ጎኑ ልክ ነው። የሙታንቲው አንድ ክፍል 35 በ40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 75 በ0.7 ሲባዛ 53 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሙታንቲው አራት ክፍል ስላለው አራት እንዲህ ያለ ብጣሽ ይፈልጋል። ካነሰ ይቀጠላል፣ ግን መቀጠያው ቦታ አለው። ስፌቱ በድሩ ወይም በማጉ መስመር ይሂድ፣ ቦታውም ወደ ታችኛው ጫፍ ማዕዘን ይውረድ። ዳሌ ላይ የመጣ መቀጠያ አይለጠጥም፤ ዙሪያው ሲለጠጥ እሱ ይዞ ያስቀረዋል፣ ጨርቁም ይኮማተራል። የዚያ ዘመን ቀሚሶች ላይ ታችኛው ማዕዘን ተቀጥሎ ማየት የተለመደ ነው፤ ጉድለት ብሎ የሚያፍርበት ሰው ፊቱን ወደ ልብሱ ሳይሆን ወደ ቁጠባው ያዙር።

ሳቲንን አጥፎ ሁለት ክፍል ባንድ ጊዜ መቁረጥም አይሆንም፤ የታችኛው ይንሸራተታል። ስስ ወረቀት ሥሩ አንጥፉ፣ በእስፒል ያዙት፣ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ቁረጡ። ሁለተኛውን ክፍል ልኩን ገልብጣችሁ ቁረጡ፦ በቀኙ ድሩ ወደ ቀኝ ካዘነበለ በግራው ወደ ግራ ያዘንብል። መሃል ላይ ሲገናኙ እኩል ስለሚሳሳቡ ልብሱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ስፌቱ 60 ወይም 70 ቁጥር መርፌ፣ ቀጭን ፖሊስተር ክር፣ 2 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዚግዛግ ይሁን። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ከሆነ ስትቀመጡ ዳሌ ላይ ክሩ ጧ ይላል። ማሽኑ ጫፉን ከበላው ወረቀቱን አትንቀሉት፤ አብሮ ይሰፋና በኋላ ይቀደዳል። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ተሰቅሎ ይደር፤ ሰያፉ ወርዶ ሲያበቃ ጫፉ ከወለል ተለክቶ ይዘምዘም። ይቺን ሌሊት የሚዘል ሁሉ ጫፉን ሁለቴ ይዘመዝማል።

"ያለ ላይክራ ልክ አይሆንም።" ላይክራ የሚባለውን የሚለጠጥ ክር በዱፖንት ኩባንያ ጆሴፍ ሺቨርስ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሴቶች ራቁታቸውን አልሄዱም። ሰያፍ ነበር፣ ቁልፍ ነበር፣ የጎማ ላስቲክም ነበር። ወገብ 70፣ ዳሌ 98 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ወገቡን በቁልፍ ካሰባችሁት፣ ወገቡ በ70 ይቆረጥ፣ በግራ ጎን ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተው፣ 1 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ቁልፎች ይበቁታል። ላስቲክ ከመረጣችሁ ግን የላይኛው ጠርዝ ዳሌውን እንዲያሳልፍ በሰፊው ይቆረጥ። 8 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ከወገቡ 10 በመቶ ይነስ፤ ለ70 ወገብ 63፣ ለመጋጠሚያ 1 ሳንቲ ሜትር ጭማሪ። ላስቲኩንም ጠርዙንም አራት ቦታ ከፍላችሁ ምልክት አድርጉና ምልክቱን ከምልክት እያገጠማችሁ ስፉ። "ጠበቅ ሲል ይይዛል" የሚባለው ቆዳ ላይ ሰንበር ከማስቀረት በቀር የሚይዘው የለም።

"የዚያ ዘመን የውስጥ ልብስ ሁሉ ሐር ነበር።" ሬዮን (ከእንጨት ቃጫ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ሐር) እና ጥጥም በብዛት ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ልብስ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1949 በኩፖን ሲሸጥ ደግሞ የፓራሹት ሐርና ናይለን ሳይቀር ሙታንቲ ሆኗል፤ የፓራሹት ክፍል ረጅምና ሦስት ማዕዘን ስለሆነ እየቀጠሉ መቁረጥ ግድ ነበር።

"ዳንቴል መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ነው።" ሊሆን ይችላል፣ ከታጠበ በኋላ መወዛወዙን ካልጠላችሁት። የጥጥ ዳንቴል ይሰበሰባል፣ የናይለኑ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ጨርቁም ዳንቴሉም ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ። ከዚያ ዳንቴሉን በጨርቁ ፊት ላይ አንጥፉ፣ ሁለቱንም ሳትስቡ የአበባውን ጠርዝ ተከትላችሁ በጠባብ ዚግዛግ ስፉ፣ ከኋላ ያለውን ጨርቅ ከስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ጨርቁ ከተሳበ ጠርዙ ይወዛወዛል፣ ዳንቴሉ ከተሳበ ደረቱ ይሰበሰባል። ማዕዘን ላይ ዳንቴሉን አትጠፉት፤ በአበባው ዙሪያ ቁረጡ፣ ደርቡ፣ እንደገና ዚግዛግ። ናይለን ከሆነ ካውያው ለብ ያለ ብቻ ይሁን።

"ኦቨርሎክ ከሌለ አይሞከርም።" በዚያ ዘመን ቤት ውስጥ የተሰፉት ቀሚሶች ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ እየከረከመ የሚዘመዝም ማሽን) አላዩም። የ1 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ይተው። ግልባጩን ከግልባጩ ገጥማችሁ 4 ሚሊ ሜትር ላይ ስፉ፣ ትርፉን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቀንሱ፣ ገልብጡት፣ በካውያ ተጫኑት፣ ከዚያ በውስጥ በኩል 6 ሚሊ ሜትር ላይ ስፉ። የሚፈታ ጠርዝ ስፌቱ ውስጥ ይቀበራል። ጭን መሃል በሚዞረው ስፌት ላይ ግን ይህ ይወፍራል፤ እዚያ ሁለት ድርብ ቀጥ ያለ ስፌትና በጠባቡ የተከረከመ ትርፍ ይበቃል።

"ፖሊስተር ሳቲን ለሁሉም ይሆናል።" ለቀሚሱ ይሁን፤ ጭን መሃል የሚገባው ቁራጭ ጥጥ ነው። ያረጀ ንጹሕ የጥጥ ካናቴራ ይበቃል። ጨርቁ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ከጫፉ ጥቂት ክር ብረት ሳህን ላይ አቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይቃጠልና አመድ ይሆናል፣ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

"ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈ ሸማ በሰያፍ ያምራል።" ሽመናው የላላ ስለሆነ ተለጥጦ ይቀራል። ቀጥ አድርጋችሁ ለሰፊ ቦዲ ቁረጡት።

"የአሮጌ ልብስ ላስቲክ ይነቀላል።" ቁልፉን ንቀሉ፣ ሪባኑን ንቀሉ፣ ማንገቻ የሚያስተካክሉትን ቀለበቶች ንቀሉ። ላስቲኩን ጣሉት፤ ውስጡ ያለው ጎማ ስለደረቀ ብዙ ሳይቆይ ይላላል።