«ወስፋቴ ጮኸ» እና ሌሎች የሆድ ትል ወሬዎች

ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን። የሚጮኸው ግን ትሉ አይደለም፤ ባዶ ጨጓራና አንጀት ሲኮማተሩ አየርና ፈሳሹ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። አባባሉስ ይኑር፣ ያምራል። መታረም ያለባቸው አብረውት የሚወሩት ናቸው።

«ወስፋት አንጀትን ነክሶ ይይዛል።» አይነክስም። መንጠቆም መጣበቂያም የለውም። እርሳስ የሚያክል፣ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ትል ሲሆን፣ አንጀት ወደ ታች ሲገፋው በጡንቻው ተወጥሮ ወደ ላይ ይታገላል። ጡንቻውን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ሲወሰድ ከሰገራ ጋር ተጠርጎ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ነካሹ ሌላ ነው፤ በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ የሚገባው የመንጠቆ ትል። እሱ የአንጀቱን ግድግዳ በአፉ ቆንጥሮ ደም ይመጥጣል። የአንዱ ድርሻ በቀን ከጥቂት ጠብታ አይበልጥም፤ መቶ ሲሆኑ ግን ደም ማነስ ሊከተል ይችላል።

«ጃርዲያ የአንጀት ሥጋ ውስጥ ትገባለች።» ይሄኛው በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ጃርዲያ ትል ሳትሆን በዓይን የማትታይ ባለ አንድ ሴል ተሕዋስ ናት፤ ከላይ ተለጥፋ ትኖራለች እንጂ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። በሆዷ በኩል እንደ ዋገምት ቀንድ ጎድጎድ ያለች ሳህን አላት፤ በእሷ የትንሹን አንጀት ሴል አናት ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ይሁን እንጂ የአንጀት ሴሎች በ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ረግፈው በአዲስ ስለሚተኩ፣ አንድ ቦታ ሙጭጭ ብትል አብራ ትጠረግ ነበር። ስለዚህ ትለቃለች፣ በ8 ጭራዎቿ ትዋኛለች፣ ሌላ ቦታ ትለጠፋለች። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ለቃ የሄደችበት ቦታ ላይ የሳህኗ ክብ አሻራ እንደ ማኅተም ታትሞ ይቀራል! ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጸጉር መሰል የአንጀት ክፍሎች ሲያጥሩ ቅባቱ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ሰገራው የሚከረፋው፣ ግሳቱም የገማ እንቁላል የሚሸተው ያን ጊዜ ነው።

«ሰገራ ላይ አሜባ ታየ ማለት ታምሜያለሁ ማለት ነው።» የግድ አይደለም። አሜባም እንደ ጃርዲያ ባለ አንድ ሴል ናት፤ የምትጣበቀው በገላዋ ላይ ባለ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ አንጀትን በሸፈነው ንፍጥ ላይ ያለውን ስኳር ይይዛል። እዚያው ንፍጡ ላይ ከቀረች ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። ንፍጡን አልፋ ሴሉ ላይ ስትደርስ ነው ጣጣው። በ2014 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ ሴሉን በቁሙ እያለ ቁራሽ በቁራሽ እየቦጨቀች ትበላዋለች። በተጨማሪም በማይክሮስኮፕ ከእሷ የማትለይ፣ በሽታ የማታመጣ መንታ አለቻት፤ ሁለቱ በይፋ የተለያዩት በ1993 ነው። ቀይ የደም ሴል የዋጠች አሜባ ከታየች ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«ሚጥሚጣና አረቄ የኮሶ ትልን ይገድላል።» አይገድልም፤ ሥጋው ውስጥ ያለውን እጭ የሚገድለው በደንብ መብሰል ነው። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች፣ አትቆጡኝ።

«ኮሶ ጠጥቼ ብዙ ወጣልኝ፣ ተገላገልኩ።» የኮሶ ትል በርካታ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ አንጀቱን የያዘው ግን የስፒል አናት በምታክል ራሱ ላይ ባሉ 4 መምጠጫዎች ነው። ገላው ሁሉ ተበጣጥሶ ወጥቶ ያቺ ራስ ከቀረች፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነጫጭ ቁራጮቹ የውስጥ ሱሪ ላይ እንደገና ይታያሉ።